ጀርባው መሬት ከነካ በኋላ

ከሐይቅ ከተማ አንዲት እናት የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ዘንድሮ 17 ዓመት የሞላው ልጃቸው በበዓል ቀን ሜዳ ላይ ትግል ሲገጥም የሚጥለው የለም። በፓሪስ ኦሊምፒክ አንዲት ሕንዳዊት በ100 ግራም ብቻ ከፍጻሜ መባረሯን በስልኩ ካየ ወዲህ ግን ራት መብላት ትቷል፤ ውሃ ቀንሷል፤ ላስቲክ ጃኬት ለብሶ ዳገት ይሮጣል። አሁን 63 ኪሎ ነው፤ 57 መግባት አለብኝ ይላል። «እውነት በ100 ግራም ሰው ይባረራል? ዳኝነቱስ እንዴት ነው? የኛ ልጅ እዚያ ይደርሳል ወይስ በከንቱ ነው የሚደክመው?» ብለው ጠይቀዋል።

እህቴ፣ አብሽሩ። ሦስቱንም እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ልጁን ውሃ ያጠጡት፤ ራቱንም ይብላ። ያን ላስቲክ ጃኬት ከቤት ያውጡት። ሌላውን ቀስ ብለን እንጨዋወታለን።

ልጁ 57ን የመረጠው ኦሊምፒክ ላይ የወንዶች ቀላሉ ኪሎ እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። በነጻ ስልት ትግል (እግር መያዝና መጥለፍ በሚፈቀድበት) የኦሊምፒኩ የወንዶች ኪሎዎች 57፣ 65፣ 74፣ 86፣ 97 እና 125 ናቸው። 63 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 65 ውስጥ እንደ ልቡ ይገባል፤ እንዲያውም ሁለት ኪሎ ይተርፈዋል። በእሱ ዕድሜ ላሉት በሚደረገው ዓለም አቀፍ ውድድርም 60 አለ፣ 65 አለ። ገና አጥንቱ እያደገ ያለ ልጅ ስድስት ኪሎ የሚጥልበት አንዳች ምክንያት የለም። በሚቀጥለው ዓመት ምናልባት 67 ይሆን ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ አሥር ኪሎ ሊያወርድ ነው?

ጃኬቱን ያውጡት ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 መገባደጃ ላይ (ከዚህ በታችም ዓመቶቹን የምጽፈው በዚያው አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ኮሌጆች ሦስት ወጣት ትግለኞች ከአርባ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ሦስቱም ኪሎ ለማውረድ ላብ በማያሳልፍ ልብስ ተጠቅልለው፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ ሙቀት ውስጥ ሲሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የላስቲክ ልብሱንም የእንፋሎት ክፍሉንም ከለከለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። ላስቲክ ውስጥ ያለ ላብ አይተንም፤ ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል። ውሃው ደግሞ ከደም ይወጣል፤ ልብ የጎደለውን ደም ለማዳረስ በከንቱ ይሮጣል። የሐይቅ አየር ነፋሻ ነው ብለው አይዘናጉ፤ ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር የሐይቅ አየር አይደለም።

«እኛ ወሎዎች ጾም ለምደናል፣ ምን ይሆናል?» ሊልዎት ይችላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይጾማል፤ እውነቱን ነው። ጾም ግን የሚፈታበት ሰዓት አለው። ጾመኛ ሲያፈጥር ውሃ ይጠጣል። እሱ የጀመረው መፍቻ ሰዓት የለውም።

እኔም ልጅ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። ለአንድ የአውራጃ ውድድር ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ሳልቀምስ ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ አለፍኩም። አሠልጣኜ «ወንድ ልጅ ይችላል» ብሎኝ ነበር። ሜዳ ስገባ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከአንድ ወር በፊት ሁለቴ የጣልኩት ልጅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አነሳኝና አጋደመኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለማሠለጥነው ልጅ ሁሉ የማስቀድመው የውሃውን ነገር ነው።

አሁን ወደ 100 ግራሟ። አዎ፣ እውነት ነው። የኦሊምፒክ ትግል በአንድ ኪሎ ለሁለት ቀን ይካሄዳል፤ ሚዛኑም በሁለቱም ቀን ጠዋት ነው። በመጀመሪያው ቀን 30 ደቂቃ ይሰጣል። በሁለተኛው ቀን ለፍጻሜና ለነሐስ የቀሩት ብቻ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይመዘናሉ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም፤ ሚዛኑ 50.1 ካለ 50 አይደለም። በ2024 ፓሪስ ላይ ያቺ ሕንዳዊት፣ ቪኔሽ ፎጋት፣ የገባችው በ50 ኪሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት የምትታወቀው በ53 ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ግጥሚያ አሸነፈች፤ ከሦስቱ አንዷ እስከዚያ ቀን በዓለም አቀፍ መድረክ ማንም ያልረታት ጃፓናዊቷ ዩዊ ሱሳኪ ነበረች። ሌሊቱን ስትሮጥ አደረች፤ ፀጉሯን ሳይቀር ቆረጠች። ጠዋት ሚዛኑ ላይ 100 ግራም ተረፈ። 100 ግራም ማለት ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም የሚበልጥ አይደለም። በሕጉ መሠረት ከውድድሩ ወጣች፤ በመጨረሻ ደረጃም ተመደበች። በግማሽ ፍጻሜው ያሸነፈቻት ኩባዊቷ ጉዝማን በምትኳ ፍጻሜ ገባች፤ ወርቁን አሜሪካዊቷ ሣራ ሂልደብራንት ወሰደች። ቪኔሽ ለስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አቤት ብትልም ውድቅ ተደረገባት።

የዚህ ሕግ ዓላማ ልጅዎ የሚያደርገውን ነገር ማስቆም ነው። እስከ 2017 ድረስ ሚዛኑ ከውድድሩ በፊት ባለው ማታ አንዴ ብቻ ነበር። ስለዚህ ትግለኛው ራሱን አድርቆ ይመዘናል፤ ሌሊቱን ጠጥቶና በልቶ ጠዋት ከባድ ሆኖ ይመጣል። ከ2018 ጀምሮ ሚዛኑን ወደ ግጥሚያው ጠዋት ያመጡትና ሁለት ጊዜ ያደረጉት ሰው በተፈጥሮ ኪሎው እንዲገጥም ነው። በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው በቅጣቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን በትክክለኛ ኪሎ ተመዝና በላቧ ያገኘችው ድል በሁለተኛው ቀን ሚዛን መሰረዝ አልነበረበትም፤ ፍጻሜውን ትጣ፣ ብሩን ግን ልትወስድ በተገባ ነበር።

ለልጅዎ የዚህን ሌላኛ ገጽም ይንገሩት። ጃፓናዊው ሬይ ሂጉቺ በ2021 በእስያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ላይ 50 ግራም በልጦ ሳይገጥም ተመለሰ። ኦሊምፒኩ በገዛ አገሩ ቶኪዮ ሲካሄድ አልተወዳደረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ በዚያው በ57 ኪሎ ወርቅ አጠለቀ። ልብ ይበሉ፣ እሱ ሙሉ ሰው ነው፤ ከጎኑ ሐኪምና የምግብ ባለሙያ የሚቆምለት። ልጅዎ ያለው ላስቲክ ጃኬት ብቻ ነው።

ዳኝነቱን ለማስረዳት አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወሎ ገጠር የመጣ ጎበዝ ልጅ ምንጣፍ ላይ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ። ተጋጣሚውን ወገቡን ይዞ፣ እግሩን ጠልፎ፣ አየር ላይ አዙሮ በጀርባው ዘረጋው። ያማረ አጣጣል ነበር። ሰው ሁሉ ጮኸ። ልጁም እንደ አገሩ ወግ ለቀቀው፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ዳኛው ግን አላስቆመም። የወደቀው ልጅ ተንከባሎ ተነሳ፤ ከኋላ መጥቶ ወገቡን ያዘውና በግንባሩ ደፋው፤ ገለበጠው፤ ሁለቱን ትከሻዎቹን ምንጣፉ ላይ አጣበቃቸው። ዳኛው ምንጣፉን በመዳፉ መታ። አለቀ። የኛ ልጅ ተነስቶ «እኔ እኮ ጥየዋለሁ!» አለ። በውነቱ ጥሎታል። በእኛ ሜዳ አሸናፊው እሱ ነበር።

የሁለቱ ትግሎች ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ልጅዎ አንድ ነገር ይያዝ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። በኛ ትግል ጀርባ መሬት ሲነካ ጨዋታው ያልቃል። በኦሊምፒክ ትግል ጀርባ መሬት ሲነካ ገና ግማሹ ነው።

ሜዳው ዘጠኝ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ምንጣፍ ነው። ዳሩን ተከትሎ አንድ ሜትር ቀለበት በሌላ ቀለም ይዞራል፤ ከዚያ የወጣ ለተጋጣሚው አንድ ነጥብ ይሰጣል። ግጥሚያው ለአዋቂዎች ሁለት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው፤ መሃሉ 30 ሰከንድ ዕረፍት፤ ለልጅዎ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ። ተጋጣሚን መሬት አውርዶ ከላይ መቆጣጠር ሁለት ነጥብ ነው። ከቆመበት አንስቶ በቀጥታ ወደ ጀርባው መጣል አራት፤ ከፍ አድርጎ በትልቅ ቅስት ካዞረው አምስት። ስለዚህ ያ ልጅ የጣለው አጣጣል አራት ነጥብ ነበረው፤ አልተካደም። ነገር ግን ሁለቱን ትከሻ እኩል ምንጣፉ ላይ አጣብቆ ለቅጽበት ያቆመ ሰው ነጥቡ ምንም ይሁን ምን ያሸንፋል። ይህንን ዳኛው ብቻውን አይወስንም፤ ከዳር ከተቀመጡት ዳኞች ቢያንስ አንዱ ይስማማል።

መሬት ላይ ያለው ሥራ ለኛ ልጆች ፈጽሞ አዲስ ነው። ከላይ ያለው ሰው የተጋጣሚውን ወገብ በሁለት ክንዱ ቆልፎ እንደ በርሜል ያንከባልለዋል፤ አንዴ ጀርባውን ባሳየ ቁጥር ሁለት ነጥብ ነው። በነጻ ስልት ደግሞ ሁለቱን ቁርጭምጭሚት አቆላልፎ መገልበጥ ይቻላል። አራት ጊዜ ካንከባለለው፣ ከማውረዱ ሁለት ነጥብ ጋር አሥር ይሆናል። በነጻ ስልት የአሥር ነጥብ ብልጫ ግጥሚያውን እዚያው ይጨርሰዋል፤ በግሪክና ሮማ ስልት ስምንት ይበቃል። ሃያ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ አንድም ጥሩ አጣጣል ሳይታይ፣ ጎበዝ የተባለ ልጅ ተሸንፎ ሲወጣ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ዳኛው አዳላ ይላል። ማንም አላዳላም፤ ልጁ መሬት ላይ መኖር አልተማረም ነበር።

ስለ ሁለቱ ስልቶች ደግሞ፦ በግሪክና ሮማ ስልት ከወገብ በታች መያዝም በእግር መጥለፍም ክልክል ነው። ጠለፋ የሚወድ የወሎ ልጅ እዚያ ግማሽ መሣሪያው ይወሰድበታል። ነጻ ስልት እግር መያዝም መጥለፍም ስለሚፈቅድ ለልጅዎ የሚመቸው እሱ ነው። ሴቶች የሚወዳደሩትም በነጻ ስልት ነው፤ ኦሊምፒክ የገቡት በ2004 አቴንስ ላይ ነበር። በግሪክና ሮማ የኩባው ሚሃይን ሎፔዝ ከ2008 እስከ 2024 በአምስት ኦሊምፒክ ተከታትሎ አምስት ወርቅ ወስዷል። ፓሪስ ላይ የመጨረሻውን ካሸነፈ በኋላ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ መሃል ትቶት ሄደ፤ በትግለኞች ዘንድ ይህ መሰናበቻ ነው። እኔ እንባዬ መጥቷል።

ነጥብ እየመሩ መሸነፍም ይኖራል። ለልጁ ሁለት ግጥሚያ ፈልጎ እንዲያይ ይንገሩት፤ ሁለቱም በ2021 ከተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ናቸው። በ57 ኪሎ ግማሽ ፍጻሜ የካዛኪስታኑ ሳናዬቭ 9 ለ 2 ይመራ ነበር። ሕንዳዊው ራቪ ዳሂያ 9 ለ 7 ካደረሰ በኋላ፣ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ትከሻውን አጣብቆ አሸነፈ፤ እነዚያ ዘጠኝ ነጥቦች ባዶ ሆኑ። በ125 ኪሎ ፍጻሜ ደግሞ የጆርጂያው ጌኖ ፔትሪያሽቪሊ 8 ለ 5 እየመራ የቀረው አሥራ ምናምን ሰከንድ ነበር። አሜሪካዊው ጌብል ስቲቨሰን አወረደው፤ 8 ለ 7። ተነስተው ገጠሙ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ከሰከንድ ያነሰ ሲቀር ከኋላው ዞሮ ድጋሚ አወረደው፤ 9 ለ 8። የጆርጂያው ወገን በምስል ይታይልን ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ለተቃራኒው አንድ ነጥብ ይጨመራል፤ ስለዚህ 10 ለ 8 አለቀ። ፔትሪያሽቪሊም አልጠፋም፤ ፓሪስ ላይ ያንኑ ወርቅ አገኘ። እኩል ነጥብ ሆኖ ሰዓቱ ካለቀ መጀመሪያ ትልቅ ነጥብ ያለው አያያዝ የሠራው ይታያል፤ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ያነሰበት፤ ያም እኩል ከሆነ የመጨረሻውን ነጥብ ያገኘው ያሸንፋል። ስለዚህ «እየመራሁ ነው» ብሎ መሸሽ አያዋጣም። የሚሸሽን ሰው ዳኛው ያስጠነቅቀዋል፤ በነጻ ስልት 30 ሰከንድ ይቆጥርበታል፤ በዚያ ውስጥ ነጥብ ካላገኘ ለተጋጣሚው አንድ ይሰጣል።

ሁለት ነሐስ ለምን ይሰጣል የሚል ጥያቄም ብዙ ሰው ያነሳል። ሁለቱ የፍጻሜ ተጋጣሚዎች ወደዚያ ሲሄዱ ያሸነፏቸው ሁሉ እንደገና ይጠራሉ፤ በየወገናቸው ተጋጥመው ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ነሐስ ይወጣል። ሱሳኪ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፋ ነሐስ ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው።

ይደርሳል ወይ ላሉት እውነቱን ሳልሸፋፍን እነግርዎታለሁ። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ያገኘችው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሁሉ ከአትሌቲክስ ነው። ኦሊምፒክ በአንድ ኪሎ የሚያስገባው 16 ሰው ብቻ ነው። ለፓሪስ ሲጣራ አፍሪካና ኦሺኒያ አንድ ላይ ግብጽ፣ እስክንድርያ ላይ ተወዳድረው በየኪሎው ያለፉት ሁለት ነበሩ። ማለትም ልጁ ከግብጽ፣ ከናይጄሪያ፣ ከቱኒዚያ፣ ከሴኔጋል ልጆች ጋር ተጋጥሞ ፍጻሜ መግባት አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ በብሔራዊ ፌዴሬሽኑ መመረጥ። ሩቅ ነው። የማይደረስ ግን አይደለም፤ አፍሪካ በትግል ባዶ እጇን አይደለችም። ግብጻዊው ኢብራሂም ሙስጠፋ በ1928 አምስተርዳም ላይ ወርቅ ወስዷል፤ ሌላው ግብጻዊ ካረም ጋበር በ2004። ቱኒዚያዊቷ መርዋ አምሪ በ2016 ነሐስ፤ ናይጄሪያዊቷ ብሌሲንግ ኦቦሩዱዱ በቶኪዮ ብር አግኝታለች። ለልጅዎ ግን ኦሊምፒክን የመጀመሪያ ደረጃ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ከፊቱ የአህጉሩ የወጣቶች ሻምፒዮናና የአፍሪካ ጨዋታዎች አሉ፤ መንገዱ በእነሱ በኩል ነው።

አንድ ለኛ የሚቀርብ ነገር ደግሞ መጥቷል። የአሸዋ ላይ ትግል ይሉታል። ሰባት ሜትር ክብ አሸዋ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ቀድሞ ሦስት ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግጥሚያው በመቆም ነው፤ መሬት ላይ መንከባለል የለም። ለኛ የሜዳ ትግል ቅርቡ ይህ ነው። ለ2026 ዳካር በተያዘው የወጣቶች ኦሊምፒክ መርሐ ግብር ትግል የተካተተው በዚህ መልኩ ነው። ምንጣፍ መግዛት ለማይችል ሰፈር ወንዝ ዳር ያለ ንጹሕ አሸዋ ይበቃል። ድንጋዩና ጠርሙሱ ተለቅሞ፣ እስከ ክርን ጥልቀት ያለው አሸዋ ላይ ልጆቹ መውደቅን ሳይፈሩ ይማራሉ።

ቤት ውስጥ ምን ያድርግ? መጀመሪያ መውደቅን ይልመድ፤ አገጩን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ እጁን ወደ ኋላ ሳይዘረጋ። እጅን ዘርግቶ መውደቅ ክርንና ትከሻ የሚሰበርበት ዋናው መንገድ ነው። ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቆ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ይሥራ፤ እሱን ይጣለው፤ በጣለው ቁጥር ሳይለቅ ደረቱን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ አምስት ይቁጠር። በቀን ሃምሳ ጊዜ። ይህ አሰልቺ ነው፤ የዚያ ልጅ ግጥሚያ የተበላሸው ግን በዚህ እጦት ነው። አንገቱን በትዕግሥት ያጠንክር። ጭርት የያዘው ልጅ ካለ እስኪድን አብረው አይጋጠሙ፤ ከቆዳ ቆዳ ይተላለፋል፤ ውድድር ላይም ዳኛ ቆዳና ጥፍር አይቶ ይመልሳል።

ትምህርቱን እንዳያቋርጥ። ወደ ተሁለደሬ ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዝገብ፤ ትግል ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ስለሆነ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚያደርስ የውድድር መንገድ አለው። ከሜዳ ትግል ወደ ምንጣፍ ለመሻገር ዓይን ውስጥ መግባት የሚቻለው እዚያ ነው።

ዛሬ በደንብ በልቶና ጠጥቶ ይደር። ነገ ጠዋት ሽንቱን ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ያውጡት። ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ሰዓት ይመዝኑትና ቁጥሮቹን ከቁመቱ ጋር ይላኩልኝ። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ቆሞ ራሱን ካዞረው ወይም ጡንቻው ከተኮማተረ ሚዛኑን ይተዉትና በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።